ግድግዳው ማንን ነው የሚያግደው? ሃይማኖትና ፖለቲካ አሜሪካ ውስጥ

ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ልሰጥ የሄድኩት ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። የምርጫ ጣቢያው የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ነበር፣ በሩ ላይ «ድምፅ መስጫ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ገባ ስትሉ ግድግዳው ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል አለ፣ ጎኑ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በከለር የቀቡት የኖህ መርከብ ተሰቅሏል፣ ከስሩ ደሞ የድምፅ መስጫ ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል። ወረፋ ይዤ መስቀሉን አያለሁ። ለዜግነት ፈተናው ካጠናኋቸው ጥያቄዎች አንዱ «የሃይማኖት ነፃነት ምንድነው?» የሚል ነበር፣ መልሱም የፈለጉትን ሃይማኖት መከተል ወይም ምንም አለመከተል ነው፣ ይሄን ሸምድጄ አልፌያለሁ። ግን እዛ ወረፋ ላይ ቆሜ ምንም እንዳልገባኝ ነው የታወቀኝ። መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩበት ሀገር ከሆነ ምርጫው መስቀል ስር ምን ይሰራል?

ከዛ በኋላ ደሞ ማስተዋል ስትጀምሩ ማለቂያ የለውም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ሳንቲም ላይ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» ይላል። ኮንግረስ ስብሰባውን በፀሎት ነው የሚከፍተው፣ ደሞዝ የሚከፈለው ቄስ አለው፣ ይሄ ከ1789 ጀምሮ የነበረ ነገር ነው (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው)። ፕሬዝዳንት ሲምል «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ብሎ ይጨርሳል፣ ህገ መንግስቱ ላይ ያለው የመሃላ ቃል ውስጥ ግን እግዚአብሔር የሚል የለም። እና የኛ ሰው ይሄን ሁሉ አይቶ ወይ «እነዚህ ሰዎች ያወራሉ እንጂ አለያዩም» ይላል፣ ወይ ደሞ ፓስተር ስለ ምርጫ ሲናገር ሲሰማ «ህግ ጣሰ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ጭንቅላታችን ውስጥ ያለውን እንይ። እኛ ያደግነው «ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» በሚል አባባል ነው። የ1995ቱ የኢትዮጵያ ህገ መንግስት አንቀፅ 11 ደሞ መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግስት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ልብ በሉ፣ እገዳው ወደ ሁለቱም በኩል ነው። የአሜሪካው እንደዛ አይደለም። በ1791 የፀደቀው የመጀመሪያው ማሻሻያ፣ ፈርስት አሜንድመንት የሚሉት፣ በአጭሩ የሚለው ኮንግረስ ሃይማኖት የሚያቋቁም ህግ አያወጣም፣ ሰው ሃይማኖቱን በነፃነት እንዳይከተል የሚከለክል ህግም አያወጣም ነው። የሚታገደው ማነው? ኮንግረስ ነው፣ መንግስት ነው። ቄሱን አትናገር፣ ምእመኑን እምነትህን ቤት ትተህ ድምፅ ስጥ የሚል አንድ ቃል የለም። እንደውም ዋናው ህገ መንግስት ውስጥ አንቀፅ 6 ላይ ለስልጣን የሃይማኖት ፈተና አይጠየቅም ብሎ ሙስሊሙም ካቶሊኩም የማያምነውም ለስልጣን እንዲወዳደር በሩን ክፍት አድርጎታል።

ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የተለያዩት መንግስትና ሃይማኖት እንደ ተቋም ናቸው፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ ግን ተለያይተው አያውቁም፣ እንዲለያዩም የደነገገ የለም። ይሄን አንድ ነገር ከያዛችሁ ዜና ላይ የምትሰሙት ግርግር ግማሹ ይገለጥላችኋል።

ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔን በጣም የነካኝ ነገር አለ። ግድግዳውን አጥብቀው ከጠየቁት ውስጥ ዋናዎቹ ሃይማኖተኞች ነበሩ። «በቤተክርስቲያንና በመንግስት መካከል ያለ የመለያ ግድግዳ» የሚለው ቃል ህገ መንግስቱ ውስጥ የለም፣ የመጣው ፕሬዝዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ጃንዋሪ 1 ቀን 1802 ከፃፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የተፃፈው ኮነቲከት ውስጥ ዳንበሪ አካባቢ ለነበሩ ባፕቲስት ለሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ነው። ያኔ ኮነቲከት የራሷ የመንግስት ቤተክርስቲያን ነበራት፣ ኮንግሪጌሽናል የሚባለው፣ ህዝቡ ለሷ ግብር ይከፍላል፣ ባፕቲስት ከሆንክ ከዛ ክፍያ ለመዳን የሌላ ቤተክርስቲያን አባል መሆንህን የሚገልፅ ወረቀት ማቅረብ አለብህ። ባፕቲስቶቹ ለጀፈርሰን ሲፅፉለት ያለን የሃይማኖት ነፃነት እንደ ውለታ የተሰጠን እንጂ እንደ መብት የታወቀልን አይደለም ብለው ነው ያመለከቱት። ቨርጂንያ ውስጥ ደሞ ከአብዮቱ በፊት ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ ተብለው የታሰሩ የባፕቲስት ሰባኪዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች መንግስት ከእምነታቸው ላይ እጁን እንዲያነሳ የፈለጉት እምነታቸውን ስለሚወዱ ነው።

በዛው ቀን ጃንዋሪ 1 ሌላ ነገር ሆነ። ጆን ሊላንድ የሚባል የባፕቲስት ሰባኪ ከማሳቹሴትስ ቼሻየር ከምትባል ከተማ አንድ ግዙፍ አይብ ይዞ ዋይት ሀውስ ደረሰ፣ ክብደቱ 1,235 ፓውንድ፣ ወደ 560 ኪሎ ማለት ነው፣ የከተማው ሰው የላሙን ወተት አዋጥቶ ለጀፈርሰን ምስጋና የሰራው ነው፣ ለሃይማኖት ነፃነት ስለቆመልን ብለው። እና ከሁለት ቀን በኋላ እሁድ ሊላንድ ራሱ የኮንግረስ አዳራሽ ውስጥ ሰበከ፣ ጀፈርሰንም መጥቶ ቁጭ ብሎ ሰማ። አስቡት እንግዲህ፣ ስለ ግድግዳው የፃፈው ሰውዬ በዛው ሳምንት ኮንግረስ ውስጥ ስብከት ይሰማል፣ እና ለሱ አይጋጭበትም። ሊላንድን መንግስት አልሾመውም፣ ግብር ተሰብስቦ አልተከፈለውም፣ ካልሰማህ ትቀጣለህ የተባለም የለም።

ክልሎቹ፣ ስቴቶቹ ማለቴ ነው፣ በመጀመሪያ በዚህ አይገደዱም ነበር። ማሳቹሴትስ የመንግስት ቤተክርስቲያኗን የተወችው በ1833 ነው። ሱፕሪም ኮርት፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ያ የ«ማቋቋም» ክልከላ ስቴቶችንም ይመለከታል ያለው በ1947 ነው፣ ግድግዳ የሚለውን የጀፈርሰንን ቃልም ያኔ ነው የህጉ ማእከል ያደረገው። ከዛ በኋላ ነው ትምህርት ቤቶች የጦር ሜዳ የሆኑት።

የ1962ቱን ጉዳይ ሁሉም ሰው «ፀሎት ከትምህርት ቤት የተባረረበት» ይለዋል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ኒውዮርክ ውስጥ የስቴቱ የትምህርት ባለስልጣናት አንድ ፀሎት ፃፉ፣ በእንግሊዝኛ 22 ቃል ብቻ ነው፣ ሁሉን ቻይ አምላክ ሆይ በአንተ እንደምንኖር እናምናለን፣ እኛን ወላጆቻችንን መምህራኖቻችንንና ሀገራችንን ባርክ የሚል ነገር ነው። ማንን ይጎዳል? እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነው ያልኩት። ግን ተመልከቱ፣ ኢየሱስ የሚል የለበትም፣ ስላሴ የለም፣ ድንግል ማርያም የለችም፣ ሁሉንም ላለማስቀየም ተብሎ ቢሮ ውስጥ በኮሚቴ የተፃፈ ፀሎት ነው። ወላጆች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 1 የመንግስት ስራ ለህዝብ ፀሎት መፃፍ አይደለም አለ። ልጅ በራሱ እንዳይፀልይ ማንም አልከለከለም፣ ዛሬም አልተከለከለም፣ ፆም የያዘ ተማሪ ምሳ ሰአት ላይ አማትቦ ቁጭ ቢል፣ ሙስሊሟ ልጅ በእረፍት ሰአት ብትሰግድ መብታቸው ነው። የተከለከለው አስተማሪው በመንግስት ስም ማስፀለዩ ነው። እኔ ልጄን የኔን ፀሎት አስተምራታለሁ፣ ኮሚቴ የፃፈውን እንድትሸመድድልኝ አልፈልግም።

እንግዲህ ይሄ የመንግስት በኩል ነው። የህዝቡ በኩል ሌላ ታሪክ አለው፣ እዛ ጋ ሃይማኖት ከፖለቲካው ወጥቶ አያውቅም። በባርነት ጉዳይ ቤተክርስቲያኖቹ ራሳቸው ተሰነጣጥቀዋል፣ ሜቶዲስቶቹ በ1844፣ ባፕቲስቶቹ በ1845፣ ዛሬ ትልቁ የፕሮቴስታንት ድርጅት የሆነው የሳውዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን የተወለደው በዛ ክፍፍል ነው፣ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ነው። ፕሬዝዳንት ሊንከን በ1865 ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ ሁለት ተዋጊ ወገኖች ሲናገር «ሁለቱም አንድ መፅሀፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክ ይፀልያሉ» ያለው ለዚህ ነው። አንዱ ወገን እምነቱን ትቶ አይደለም የተዋጋው፣ ሁለቱም መፅሀፉን ይዘው ነው።

መቶ አመት ቆይቶ ማርቲን ሉተር ኪንግ መጣ። ዛሬ ሃውልቱን ዲሲ ላይ ስናይ ፓስተር መሆኑን እንረሳለን፣ ሰውዬው ግን የባፕቲስት ፓስተር ነው፣ ስብሰባው ቤተክርስቲያን፣ መዝሙሩ የቤተክርስቲያን፣ ንግግሩ ስብከት ነው። በ1963 በርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ ያቺን ደብዳቤ ሲፅፍ ጋዜጣ ህዳግ ላይ ነው የጀመራት፣ የፃፈውም ለስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ነው፣ ታገሱ፣ ጊዜው አይደለም ላሉት። በዛው አመት ሴፕቴምበር 15 እሁድ እዛው በርሚንግሃም 16ኛ መንገድ ላይ ያለችው የባፕቲስት ቤተክርስቲያን በቦምብ ተመታ፣ አራት ሴት ልጆች ሞቱ። ቤተክርስቲያኗን የመረጧት ትግሉ ከዛ ስለሚነሳ ነው። ስለዚህ አሁን ቀኝ ክንፉ ሃይማኖትን ወደ ፖለቲካ አመጣው ብሎ የሚበሳጭ ሰው ይሄንን ማስታወስ አለበት። ኪንግ ያገለገለበት አትላንታ ያለው ኤበኔዘር ቤተክርስቲያን ዋና ፓስተር ራፋኤል ዋርኖክ ዛሬ የጆርጂያ ሴናተር ነው፣ በ2021 ከገባ በኋላም መስበኩን አልተወም።

ቀኝ ክንፉስ እንዴት ገባ? ጄሪ ፋልዌል የሚባል የቨርጂንያ ፓስተር ነበር፣ በ1965 ስለ ጥቁሮች መብት ሰልፎቹ ሲሰብክ ሰባኪ የተጠራው ፖለቲከኛ እንዲሆን ሳይሆን ነፍስ እንዲያድን ነው ብሎ ነበር። ይሄው ሰው በ1979 ሞራል ማጆሪቲ የሚባለውን የፖለቲካ ድርጅት መሰረተ፣ የድሮው ስብከቴ ስህተት ነበር ብሎም ተናገረ። መሀል ላይ ምን ሆነ? የትምህርት ቤት ፀሎት ውሳኔዎች ነበሩ፣ በ1973 ሱፕሪም ኮርት ፅንስ ማስወረድን በመላ ሀገሪቱ ፈቀደ፣ የግብር መስሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ ደሞ ጥቁሮችን የማይቀበሉ የግል የክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን ከታክስ ነፃ መብታቸውን መንጠቅ ጀመረ። የታሪክ ሰዎች እስከዛሬ የትኛው ይበልጥ ገፋቸው በሚለው ይከራከራሉ። ፅንስ ማስወረድ መጀመሪያ ላይ የካቶሊኮች ጉዳይ ነበር፣ ሳውዘርን ባፕቲስቶች በ1971 ባወጡት የአቋም መግለጫ ለአንዳንድ ሁኔታ መፈቀድ አለበት ብለው ነበር፣ አስር አመት ሳይሞላ ነው አቋማቸው የተገለበጠው። በኦገስት 1980 ሮናልድ ሬገን ዳላስ ላይ ፓስተሮች በሞሉበት ስብሰባ ቆሞ እናንተ እኔን ኢንዶርስ ማድረግ፣ በይፋ መደገፍ ማለት ነው፣ እንደማትችሉ አውቃለሁ፣ እኔ ግን እናንተንና የምትሰሩትን ኢንዶርስ አደርጋለሁ አላቸው። ከዛ ቀን ወዲህ ነጭ ኢቫንጀሊካሎችና ሪፐብሊካን ፓርቲ አልተለያዩም ማለት ይቻላል፣ በ2016ም በ2020ም በ2024ም ከአስሩ ስምንቱ ገደማ ትራምፕን ነው የመረጡት። ጥቁር ፕሮቴስታንቶች ደሞ በተመሳሳይ ብዛት ዴሞክራት ናቸው። አንድ መፅሀፍ፣ ሁለት ድምፅ፣ ሊንከን እንዳለው።

ካቶሊኮቹም የራሳቸው መከራ ነበራቸው። በ1928 ካቶሊኩ አል ስሚዝ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ካቶሊክ ከተመረጠ ሀገሪቱን የሚገዛው የሮማው ጳጳስ ነው የሚል ወሬ ተነዛበት፣ ተሸነፈ። ኬኔዲ በሴፕቴምበር 1960 ሂውስተን ድረስ ሄዶ የፕሮቴስታንት ፓስተሮች ፊት ቆሞ እኔ የካቶሊኮች እጩ አይደለሁም፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩ ነኝ፣ ካቶሊክም ነኝ ማለት ነበረበት። ባይደን ካቶሊክ ሆኖ ሲመረጥ ግን ሰዉ ስለ ጳጳሱ አላነሳም፣ ክርክሩ ይልቅ የገዛ ጳጳሳቱ ቁርባን ይሰጠው አይሰጠው የሚል ሆነ። ስልሳ አመት ውስጥ ጥያቄው እንዲህ ተገላበጠ።

አሁን ስላለንበት ጊዜ። ሱፕሪም ኮርት አቅጣጫ ቀይሯል። በ2022 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ መሀል ተንበርክኮ ሲፀልይ ስራው ላይ ችግር የገጠመው የፉትቦል አሰልጣኝ 6 ለ 3 ረታ። ድሮ ፍርድ ቤቱ መንግስት ሃይማኖትን የደገፈ እንዳይመስል ነበር የሚጠነቀቀው፣ አሁን ይበልጥ የሚጠነቀቀው አማኙ እንዳይገፋ ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም ቀላል አይደለም፣ አሰልጣኝ ተንበርክኮ ስታይ ተሰላፊ መሆን የምትፈልግ የ16 አመት ልጅ ከሆንክ አብረህ ባትንበረከክ ቤንች ላይ ትቀራለህ ብለህ ትፈራለህ ይላሉ፣ እኔ ይሄ ስጋት እውነት አለው ባይ ነኝ። ሉዊዚያና ደሞ በ2024 አስርቱ ትእዛዛት እያንዳንዱ የመንግስት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ይሰቀል የሚል ህግ አወጣች፣ ወዲያው ፍርድ ቤት ገባ። አስርቱን ትእዛዛት የምወድ ሰው ነኝ፣ ግን የማን አቆጣጠር ነው የሚሰቀለው? የካቶሊኩ፣ የፕሮቴስታንቱና የአይሁዱ አቆጣጠር ይለያያል፣ መንግስት አንዱን ሲመርጥ ዳንበሪዎች የሸሹት ነገር ውስጥ እየገባ ነው።

ወደኛ ሰፈር የመጣውም አለ። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት፣ የኛ ሰው እንደ አሸዋ የፈሰሰበት ካውንቲ ማለት ነው። የትምህርት ቦርዱ ለትንንሽ ልጆች ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት የሚያወሩ የተረት መፅሀፍት አስገባ፣ መጀመሪያ ወላጅ ልጄ ይውጣልኝ ማለት ይችል ነበር፣ በማርች 2023 ያንን አነሳው። ከዛ ሮክቪል ቦርዱ ፅህፈት ቤት ደጃፍ ላይ ሰልፍ ሆነ፣ ሙስሊም ወላጆችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወላጆች ጎን ለጎን፣ ነጠላ ያደረጉ እናቶች ከሂጃብ ከለበሱ እናቶች ጋር። ቦርዱ በበኩሉ መፅሀፍቱ የሚያወሩላቸው ዓይነት ቤተሰቦች ልጆችም ክፍል ውስጥ አሉ፣ መገለል የለባቸውም፣ ልጅ በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ ማስተማር አልቻልንም ነው ያለው። ጉዳዩ ማህሙድ እና ቴይለር ተብሎ ሱፕሪም ኮርት ደረሰ፣ ጁን 27 ቀን 2025 6 ለ 3 ወላጆቹ ረቱ፣ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ ቀድሞ ማሳወቅና ልጆቹን ማስወጣት መፍቀድ አለበት ተባለ። መፅሀፉ ይቃጠል፣ ከትምህርት ቤት ይውጣ አልተባለም፣ ይሄን ቴሌግራም ላይ ያጣመሙት ብዙ ናቸው።

ያኔ የተደሰታችሁ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ ያው አንቀፅ እናንተ የማትወዱትንም ይጠብቃል። በ1987 ፍሎሪዳ ሃያሊያ ከተማ ከኩባ የመጡ፣ ሳንቴሪያ የሚባል ከአፍሪካ የመነጨ እምነት ተከታዮች ዶሮና ፍየል መስዋእት እንዳያርዱ የከተማው ምክር ቤት ህግ አወጣባቸው፣ ሱፕሪም ኮርት በ1993 በሙሉ ድምፅ ህጉን ጣለው፣ ምክንያቱም እነሱን ለይቶ ለመምታት የወጣ ነበር። ብዙ የሃያሊያ ነዋሪ ይቃወማቸው ነበር። መብቱ ለብዙሃኑ ቢሆን ኖሮ ለኛም አይደርሰንም ነበር፣ እኛ እዚህ ሀገር በቁጥር ምን ያህል ነን?

መጨረሻ ላይ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ያላችሁ በየምርጫው የምትጠይቁኝን ጥያቄ ልመልስ፣ እጩ መጥቶ ቤተክርስቲያን ላነጋግራችሁ ሲል ምን እንበል የሚለውን። ቤተክርስቲያኖቻችን መስጊዶቻችንም አብዛኞቹ 501 ሲ 3 በሚባለው ስር ያሉ ናቸው፣ ታክስ አይከፍሉም፣ የሰጠ ሰውም የሰጠው ታክስ ከሚከፍልበት ገቢው ላይ ሊቀነስለት ይችላል። ለዚህ ጥቅም ሲባል በ1954 ሊንደን ጆንሰን ሴናተር እያለ ያስገባው ደንብ አለ፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ለእጩ ድጋፍም ተቃውሞም ካምፔይን አያደርግም የሚል። ስለ ጉዳይ መናገር ይቻላል፣ ስለ ስደተኛ ህግ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ፅንስ። ሰው መራጭ ሆኖ እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል። እጩዎቹን ሁሉ እኩል ጠርቶ ማነጋገር ይቻላል። «እከሌን ምረጡ» ማለትና ከሙዳየ ምፅዋት ለካምፔይን ገንዘብ መስጠት አይቻልም። ለዚህ መብቱን የተነጠቀ ቤተክርስቲያን በጣም ጥቂት ነው፣ የሚታወቀው ኒውዮርክ ቢንግሃምተን አካባቢ ያለ አንድ ቤተክርስቲያን ነው፣ የ1992 ምርጫ አራት ቀን ሲቀረው ክሊንተንን እንዳትመርጡ ብሎ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣ። በጁላይ 2025 ደሞ አይ አር ኤስ ለቴክሳስ ፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ ፓስተር በአምልኮ ሰአት ለራሱ ምእመን በእምነት አይን ስለ እጩ ቢናገር ካምፔይን አይባልም የሚል አቋም ይዟል፣ ግን ይሄ ኮንግረስ ህጉን ሰረዘው ማለት አይደለም፣ ለሚዲያ ማስታወቂያ ወይም ለገንዘብ መዋጮም ፈቃድ አልሰጠም።

ህጉ ቢፈቅድስ? እኔ ከሆንኩ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይና ዳቦ እየቀረበ ሁለቱንም እጩ አስጠራለሁ፣ ስለ ቤት ኪራይ ስለ ትምህርት ቤት ስለ ቪዛ አስጠይቃለሁ፣ አውደ ምህረቱ ላይ ግን አላስወጣም። አንድ ሰበካ ውስጥ አዛውንቱ ሪፐብሊካን፣ ኡበር የሚነዳው ልጃቸው ዴሞክራት ሆነው አብረው ይቆርባሉ፣ ካህኑ አንዱን እጩ የባረከ ቀን ከሁለቱ አንዱ በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ደብር ፍለጋ ይሄዳል።